ከኦቦ አማን ጋር እስከ ሪራ

የኦቦ አማንን ማረፍ የነገረኝ ጎባ የሚኖረው ጓደኛዬ ተስፋዬ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩን እንዳነሳሁ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «ዳዊት፣ ጎረቤታችን አረፉ» አለኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት። ዛሬ ጠዋት ተቀበሩ። ሪራ ነው የተቀበሩት።»

«ሪራ?» አልኩት፤ በደንብ ሰምቼው ሳለ።

«አዎ፣ ሪራ። እህታቸው ቤት ሆነው ነው ያረፉት።»

ስልኩን ዘጋሁ። አዝኛለሁ። ግን «እህታቸው ቤት» የሚለው ቃል ከሐዘኑ ጋር ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ እፎይታ ልበለው። ጎባ ውስጥ ቤትና ልጅ ያላቸው ሰው ከተራራው ማዶ፣ ጫካው አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ መንደር ማረፋቸው ለምን እፎይታ እንደሚሰጥ ለመንገር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጎባ ያሳለፍኳቸውን ሁለት ወራት ማንሳት አለብኝ።

ያን ጊዜ የተስፋዬ ባለቤት ሂሩት ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሟ እስክትወልድ ድረስ አዲስ አበባ ብትቆይ ይሻላል ስላላት፣ ሁለቱም ለሁለት ወር ሊሄዱ ሆነና ተስፋዬ ቤት ጠብቅልኝ አለኝ። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ትርጉም ስለነበር ላፕቶፔን ይዤ የትም መሥራት እችል ነበር። ዶሮዎቹን እንድመግብ፣ ጓሮ ያሉትን የአፕል ችግኞች ውኃ እንዳጠጣና አሮጌዋን ሱዙኪ በየሦስት ቀኑ እንድነዳት አደራ ብሎኝ ሄደ። «ሞተሯን ብቻ አታሙቃት። ወጣ እያደረግህ አንሸራሽራት፤ አንተም ትንሸራሸራለህ» ነበር ያለኝ።

ታኅሣሥ ነበር። ጎባ በዚያ ወር ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጥፋል፤ እጅ ከኪስ አይወጣም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ሰማዩ አንድ ደመና ሳይኖርበት ይከፈትና ፀሐይዋ ጀርባን እንደ ብርድ ልብስ ትሸፍናለች። ቀኑ እንደዚያ እያለ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስለ ውኃ ፓምፕ አጠቃቀም መተርጎም ያሳፍር ነበር።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ከግቢ ላወጣ ስል በሩ ላይ ጠፋችብኝ። አስነሣኋት፤ ደግማ ጠፋች። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። በአራተኛው ሙከራዬ ላይ ከአጥሩ በላይ ነጭ ኮፊያ ብቅ አለ።

«ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ «ፍሪሲዮኑ ምን አድርጎሃል?»

ሳልመልስላቸው ዞረው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ ሰው ናቸው። ጋቢና ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና እግሬን አዩ። «እንደ እባብ አትርገጠው። ሱታ ሱታ ልቀቀው» አሉኝ። ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ቀስ አልኩ፤ ሱዙኪዋም ያለ አንዳች ቅሬታ ወጣች። እሳቸው ግን አልወረዱም። «በል ከወጣህ አይቀር ወደ ሮቤ ንዳው» አሉ፤ ቀድሞ ቀጠሮ የነበረን ያህል።

ኦቦ አማን ሠላሳ ዓመት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ነድተዋል። ሰፈሩ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «ኦቦ አማን» እያለ ነው የሚጠራቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ የሚኖሩት ጎባ ውስጥ ሱቅ ካላት ልጃቸው ከሰዓዳ ጋር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አብረን መውጣት ጀመርን። ሰዓዳ በቅቤ የታሸ በሶ፣ ጩኮ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሻይ በፔርሙስ ሞልታ ትሰጠናለች። እኔ እነዳለሁ፤ እሳቸው ያያሉ።

ማየት ስል ቀልድ አይደለም። ከሮቤ ወጣ ብሎ በሲናና በኩል የስንዴው ማሳ እስከ ሰማይ ጥግ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቶ፣ ኮምባይነሮቹ አቧራ እያስነሡ ያጭዱ ነበር። «አቁም» አሉኝና ወርደው ማሳው ዳር ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን።

«ስንት ጊዜ ነው በዚህ ያለፉት?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ማን ቆጥሮት። ግን እኔ ያለፍኩት እንጂ ያየሁት አይደለም። ሹፌር የሚያየው የፊቱን መኪናና የኋላ መስታወቱን ነው። ይኼ ሁሉ ስንዴ በስተቀኝ እንዳለ እኔ አላውቅም ነበር።»

ክላክስ ይጠላሉ። ከብት መንገድ ከዘጋብን እኔ እጄን ወደ ክላክሱ ስሰድ እጄን ይይዙና ይወርዳሉ፤ ከባለ ከብቱ ጋር ስለ ግጦሹ፣ ስለ ጥጆቹ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያይቀው፣ ከብቶቹ ካለፉም በኋላ ጨዋታው ይቀጥላል። የሚመጣውን መኪና ሁሉ በሁለት ጣታቸው ሰላም ይላሉ። «ያውቁታል?» ስላቸው፣ «እሱ መንገዱን ያውቀዋል፣ እኔም መንገዱን አውቀዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ዝምድና ትፈልጋለህ?» ይሉኛል። ስለ ሞተሩ ዘይት፣ ስለ ማርሹ፣ በጠመዝማዛ ላይ ዓይኔ የት መሆን እንዳለበት ሲያስተምሩኝ ድምፃቸው አንድም ቀን ከፍ ብሎ አያውቅም። መሪውን ግን አይነኩም። አንድ ቀን ደክሞኝ፣ «እስኪ እርስዎ ይንዱ» ብላቸው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «እኔ ጨርሻለሁ» ብቻ አሉ።

ሮቤን፣ ሲናናን፣ በዙሪያው ያለውን ገጠር ካዳረስን በኋላ ወደ ደቡብ፣ ከጎባ በላይ ወዳለው ተራራ መውጣት ፈለጉ። አንድ ነገር ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። በሮቤ በኩል ስንሄድ የት እንደምንመለስ እኔ ነኝ የምወስነው። በተራራው በኩል ስንሄድ ግን እሳቸው ናቸው። ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ ያደርጉና፣ «ዛሬ እዚህ ይበቃናል» ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን ከከተማው ብዙም ሳንርቅ፣ ጥዱ ሥር ነበር። በሌላው ቀን ጥዱ አልቆ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ የሚጀምርበት ቦታ። ከዚያ ሳነቴ የሚባለው አምባ አናት ላይ፣ ጅብራዎቹ እንደ ሰው ተበታትነው የቆሙበት ሜዳ። እዚያ ፀሐይ እየሞቅን አንዲት ቀይ ቀበሮ ለፍልፈል ስታደባ አየን፤ ኦቦ አማን ትንፋሻቸውን ይዘው ሲመለከቱ ቆይተው፣ ፍልፈሉ ሲያመልጣት «አይ አንቺ! ቸኮልሽ እኮ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳነቴ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን አንድ ቀን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ አምባው እስከሚያልቅበት ድረስ ነዳሁ። እዚያ ምድሩ በድንገት ይቆረጣል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል፤ ሪራ ከሥር ናት። ጫካው ላይ ደመና እንደ ወተት ተኝቶ ነበር። ኦቦ አማን ዳሽቦርዱን መቱ። አቆምኩ። ወርደው መንገዱ የሚታጠፍበት ጫፍ ላይ ቆሙ። ሻይ ቀድቼ ብጠራቸው አልሰሙኝም። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

በማግስቱ ሰዓዳ ሱቅ ሄጄ ሳሙና ገዛሁና ቆምኩ። «ሰዓዳ፣» አልኳት፣ «አባትሽ ሪራ ማን አላቸው?»

ሚዛኑን በጨርቅ እየወለወለች ቆየች። «እዚያ ድረስ ደረሳችሁ?»

«ጫፉ ላይ። ከዚያ ተመለስን።»

«እህቱ አለች፤ ሩቅያ። ታላቁ ናት። ካያት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባሏ ሁሴን የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበር። ሪራ ማር ያመርት ነበር፤ አባቴ ወደ ጎባ ሲያመጣው ሲመልሰው ጋቢና ከጎኑ ነበር የሚቀመጠው። የዒድ ዋዜማ ለበዓሉ ወደ ሪራ ሲወርዱ ጉም ያዛቸውና መኪናው ገደል ገባ። ተሳፋሪ አልነበረም፤ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አባቴ ዳሌው ተሰብሮ ራሱን ሳያውቅ አዲስ አበባ ተወሰደ። ሁሴን ጎባ ሆስፒታል በሦስተኛው ቀን ሞተ። አባቴ ሲሻለው ሽማግሌዎች በመካከል እየተመላለሱ ተነጋገሩ፤ አላህ የጻፈው ነው ተባለ፤ አለቀ። ግን አባቴ እሷ ፊት ቀርቦ አያውቅም። መሪም ከዚያ ወዲህ አልያዘም።»

«እሷስ አትመጣም?»

«እሷም አትመጣም። ሰው ስትልክም ለእኔ ነው የምትልከው፤ ለእሱ አይደለም።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አይታ፣ «ወንድሜ ዳዊት፣ አባቴ ሽማግሌ ነው። ልቡ ደካማ ነው። እባክህ ሁለተኛ ወደዚያ አትውሰደው» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሌሊቱን ግን ስለዚያ ጉዞ ሳስብ አደርኩ። እኔ ሽርሽር ነው ብዬ ሻይና ጩኮ ስጭን፣ ሰውየው ለካ በየጊዜው ጥቂት ኪሎ ሜትር ድፍረት እያጠራቀሙ ኖሯል።

ተስፋዬና ሂሩት ሕፃናቸውን ይዘው ሊመለሱ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ማለዳ ዶሮዎቹን ስመግብ ኦቦ አማን በሩን አንኳኩ። አዲስ ኮፊያ አድርገዋል፤ ጫማቸው ተጠርጓል። እጃቸው ላይ ስኳርና የሻይ ቅጠል የያዘ ፌስታል አለ።

«ዛሬ ሪራ ትወስደኛለህ?» አሉኝ። ሲጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ እስከዚያ ቀን «ተነሥ እንሂድ» እንጂ «ትወስደኛለህ» ብለውኝ አያውቁም።

«ሰዓዳስ?»

«ነግሬያታለሁ። አለቀሰች። ከዚያ ይህን ስኳር ሰጠችኝ።»

ሌላ አልጠየቅኋቸውም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ ስለ እሳቸውም፣ ስለ ቁልቁለቱም። ሳነቴን በጠራ ፀሐይ ተሻገርን። አምባው ጫፍ ላይ ስንደርስ ፍጥነት ቀንሼ መዳፋቸውን ጠበቅሁ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ። «አንደኛ ማርሽ» አሉ። «ፍሬኑን እርሳው። ማርሹ ይያዛት።»

ሦስት ጠመዝማዛ እንደወረድን ከታች ደመናው ተነሥቶ መጣ። በቅጽበት ከሱዙኪዋ አፍንጫ በስተፊት ምንም የሚታይ ጠፋ። አስታ ዛፎቹ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት እንኳ አይታይም።

«ኦቦ አማን፣ ብንቆምስ?» አልኳቸው።

ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንቁም» አሉ። «እንቁም እንጂ! ምን ያስቸኩለናል? ቁም፣ ልጄ፣ ቁም!»

ከመንገዱ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ኦቦ አማን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ለምን እንደዚያ እንዳለቀሱ ያን ሰዓት አልገባኝም፤ ቦታው አስታውሷቸው ነው ብዬ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ጉሙ ውስጥ ተቀመጥን። ዱዓ አደረጉ። ጉሙ ሲገለጥ መንገዱ ርሶ ያበራ ነበር፤ ወረድን።

የእህታቸው የአዴ ሩቅያ ቤት በቀርከሃ አጥር የተከበበ ነው። እሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ማር ከሰም ይለዩ ነበር። የመኪና ድምፅ ሰምተው ቀና አሉ። ኦቦ አማን በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም። እኔ ከኋላቸው ፌስታሉን ይዤ ቆምኩ። የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ የአዳማ ልጅ ስለሆንኩ እሰማለሁ።

«ደረስክ?» አሉ አዴ ሩቅያ። ጠዋት ገበያ የላኩትን ሰው የሚቀበሉ ይመስሉ ነበር።

«ደረስኩ። ሳልቀመጥ የምነግርሽ ነገር አለኝ።» ኦቦ አማን የአጥሩን ቀርከሃ ያዙ። «ሽማግሌዎቹ ጉሙ ነው አሉ። ጉሙ ብቻ አይደለም። ሁሴን እንቁም ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ እንቁም አለኝ። እኔ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ አልኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ባልሽን የገደለው ጉሙ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ጉሙ ውስጥ «እንቁም እንጂ» ብለው ለምን እንደጮኹ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለእኔ ብቻ አልነበረም የመለሱት።

አዴ ሩቅያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተነሡ። ወንድማቸው ፊት ለፊት መጥተው ቆሙ። አጭር ሴት ናቸው፤ ቀና ብለው ነው የሚያዩአቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሁሴን ነግሮኛል። ሦስት ቀን በሕይወት ነበረ፤ ረሳኸው? በሁለተኛው ቀን አፉን ፈታና ሁሉንም ነገረኝ። ለአማን ንገሪው ብሎ መልእክትም ሰጥቶኛል።»

ኦቦ አማን ቀርከሃውን ለቀቁ።

«‹መሪውን ብይዝ እኔም አልቆምም ነበር፤ ለዒድ ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር፤ ይህን ንገሪው› አለኝ። ይኸው ነገርኩህ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት...» አሉ ኦቦ አማን። «ሩቅያ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ይህን ይዘሽ...»

«ይዤ!» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ሰው ልልክብህ እችል ነበር። አልላክሁም። በእግሩ መጥቶ ይስማ አልኩ። ባሌን አላህ ወሰደው፤ ወንድሜን ማን ወሰደብኝ? ራስህ ነህ የወሰድከው። እኔ ለቅሶ ተቀምጬ ሰው ሁሉ ሲመጣ በሩን የማየው አንተን ፍለጋ ነበር። ስብራትህ ዳነ ተባለ። መጣ አልተባለም። የሁሴንን ይቅርታ ከፈለግህ ይቅር ብሎሃል። እኔን ግን ገና አልጠየቅኸኝም።»

ኦቦ አማን ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን የእህታቸው ትከሻ ላይ አኖሩ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። አዴ ሩቅያ ብዙ ጊዜ እጃቸውን ወደ ታች ጥለው ቆሙ። በኋላ አንዱን እጅ አነሡና የወንድማቸውን ኮፊያ አቃንተው፣ «ግባ። እንግዳህንም አስገባው፤ ብርድ ላይ አቆምከው» አሉ።

ማር በላን፤ ሻይ ጠጣን። ከዚያ ሁለቱ ወደ ሁሴን መቃብር ሄዱ፤ እኔ መኪናው ዘንድ ቀረሁ። ሲመለሱ ኦቦ አማን መስኮቱ ላይ ተደግፈው፣ «አንተ ሂድ፣ ልጄ። እኔ ጥቂት ቀን እቆያለሁ። ለሰዓዳ ንገራት። ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀድመህ ቀይር» አሉኝ።

ጥቂት ቀን የተባለው ሦስት ዓመት ሆነ። አልፎ አልፎ ወደ ጎባ ይመጡ ነበር እንጂ ኑሯቸው ሪራ ሆነ። እኔ በስልክ አገኛቸዋለሁ፤ «መቼ ትመጣለህ?» ይሉኛል፤ «በቅርቡ» እላለሁ። አልሄድኩም። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ ሥራ በዝቶ ነው ብል እሳቸው የሚቀበሉኝ አይመስለኝም።

በሞቱ በሳምንቱ ለለቅሶ ሪራ ሄድኩ። ሰዓዳ እዚያ ነበረች፤ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። አዴ ሩቅያ ወዲያው አወቁኝ። «አማንን ያመጣህልኝ ልጅ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሳልጠይቃቸው ስለ ወንድማቸው ያወሩልኝ ጀመር።

«በሰላም የኖርን እንዳይመስልህ» አሉኝ። «በየቀኑ ነበር የምንጣላው። ቀፎው እንዲህ ይሰቀል፣ አጥሩ እንዲህ ይታሰር ይለኛል። ሠላሳ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ንብ ሊያስተምረኝ! ጎረቤት ሁሉ ስቆብናል። አሥራ ሰባት ዓመት ሳንጣላ የቀረነውን በሦስት ዓመት ተጣልተን ጨረስነው።»

«በመጨረሻው ቀንስ?» አልኳቸው።

«ያን ቀንማ በወተት ነበር። እዚህ፣ አንተ የተቀመጥክበት ተቀምጦ ነበር። በኩባያ ሰጠሁት፤ ቀመሰና አልሞቀም አለኝ። አሁን ከእሳት ያወረድኩት ነው፣ ምላስህ ነው የቀዘቀዘው አልኩት። አልሞቀም አለ። እየተቆጣሁ ሌላ ላሞቅ ወደ ምድጃው ዞርኩ። ይዤ ስመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ሄዷል፤ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ሰዓዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አዴ ሩቅያ ግን ወደ ምድጃው እያዩ ቀጠሉ።

«ሰው መጣ፤ ተገነዘ፤ ተቀበረ። ሁሉም ሲወጣ የመጀመሪያው ኩባያ እንደተቀመጠ አገኘሁት፤ እሱ የቀመሰው። ምድጃው ላይ መልሼ፣ እሱ እንደሚወደው አድርጌ በጣም አሞቅሁትና እስኪያልቅ ጠጣሁት» አሉ። «አፌን አቃጠለኝ። በዚህም ልጣላው ብዬ ዞር አልኩ።»